ልቦለዴ ምዕራፍ 4 ላይ ቆሞብኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ወዳጆች። የመጀመሪያ ልቦለዴን መጻፍ ከጀመርኩ 7 ወር ሆነኝ። ሐሳቡ የመጣልኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። አንዲት እናት ለልጇ ደውላ «ደርሻለሁ» ስትለው ሰማሁ፤ ገና መንገድ ላይ ነበርን። ለምን ዋሸችው? ዋና ገጸ ባህሪዬ ከዚያች ጥያቄ ተወለደች። ሦስት ምዕራፍ እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ።

አራተኛው ላይ ግን ቀጥ አልኩ። ታሪኩን የምትተርከው ራሷ ናት፣ በአንደኛ መደብ። ስለዚህ እሷ የሌለችበትን ትዕይንት ማሳየት አልቻልኩም። ልጁ ቤት ውስጥ ብቻውን ሆኖ የሚያደርገውን አንባቢ እንዲያይልኝ ደግሞ በጣም እፈልጋለሁ። ወደ ሦስተኛ መደብ ልቀይረው ብዬ 2 ገጽ ሞከርኩ፤ ድምጿ ጠፋብኝ። ያንን ድምፅ እወደዋለሁ፣ ላጣው አልፈልግም።

ምዕራፎቹን ለሁለት ተራኪ ላካፍል? ወይስ ልጁ በደብዳቤ ይናገር? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደወሰናችሁ ንገሩኝ እባካችሁ።