ለመጪው ክረምት የጋራ ዕቅድ፦ የሰሊጥ እርሻችን ለአካባቢው ምን ይሥራ?

ፀሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በመተማና በቋራ ሰሊጥ የምናርስ ሁሉ በየእርሻችን አካባቢ ላለው ሕዝብ በጋራ የምንሠራውን እስከ ግንቦት መጨረሻ ጽፈን ለጉባኤው ማቅረብ አለብን። መነሻ እንዲሆን የጻፍኩት ይህ ነው፦ ገንዳ ውሃ አቅራቢያ አራት የመማሪያ ክፍል ይሠራ፤ ወጪውን በሄክታር አስልተን እናዋጣ። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የሽንፋው አባል፦ ፀሐፊያችን፣ እግዜር ይስጥልን። ትምህርት ቤት የሚጠላ የለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አልተዋጠልኝም። ሐምሌ ለአረም፣ መስከረም ለአጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ሁሉ የሚመጣው ልጅ የት ነው የሚያድረው? ግራር ሥር፣ ማዳበሪያ አንጥፎ። መሬታችን ጥቁር መሬት ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ይሰነጠቃል። ካላዛር የሚባለውን፣ ጣፊያ የሚያሳብጠውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትደበቀው እዚያ ስንጥቅ ውስጥና የግራሩ ሥር ነው፤ ወጥታ የምትነክሰው በሌሊት ነው። የደጋ ልጅ ደግሞ ሰውነቱ በሽታውን አይቶት አያውቅም።

ዓምና እኔ ጋ ሲያጭድ የነበረ የ19 ዓመት ልጅ ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ወሰደ። ሁለት ሳምንት አለፈው፣ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ሸሚዙን ገልጦ ሲያሳየኝ እጁና አንገቱ ከስቶ ሆዱ ግን በግራ በኩል ተነፍቷል፤ እጄን ባሳርፍበት ጣፊያው ጠንክሮ ተሰማኝ። ጎንደር ወሰድነው፤ 17 ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት መርፌ። ተርፏል፣ ተመስገን። ለእናቱ ሊይዝላት ያሰበው ብር ግን አልተገኘም፤ ያደረበት መሬትም የኔ መሬት ነው። ስለዚህ በኔ በኩል መጀመሪያ መኝታ ነው።

የኮኪቱ አባል፦ ወንድሜ፣ ልጁን እግዚአብሔር እንኳን አተረፈልህ። ቢሆንም ሠራተኛው ሦስት ወር ሠርቶ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ አካባቢው የምንለው ዓመቱን ሙሉ አብሮን የሚኖረውን ነው። የዚያ ሰው ትልቁ ቅሬታ ደግሞ ከብቱ ነው። ዛሬ የምናርሰው መሬት ትናንት የከብት መዋያ ነበር፤ እያሰፋን ሄድንና ወንዝ መውረጃውን ሳይቀር ዘራንበት። እኔ ካቻምና ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ 30 ሜትር ያህል ስፋት ሳላርስ ተውኩት። ሰሊጥ ብዘራበት የማገኘውን አጥቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ከብት አልገባብኝም፣ ከጎረቤት ጋርም ለሽማግሌ አልተቀመጥኩም። የማሽላዬንም አገዳ ምርቱ ከተነሣ በኋላ ከብት እንዲበላው ለቅቄያለሁ። ይህ በዕቅዱ ይግባ፤ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም።

የገንዳ ውሃዋ አባል፦ ሁለታችሁም ያላችሁት ልክ ነው። እኔ ከማድቤቱ በኩል ልናገር። ማሽላው እዚሁ እያለ ዱቄት ከጎንደር ድረስ እናስጭናለን። የቀበሌው ሴቶች ተደራጅተው እንጀራውን ቢያቀርቡልን ገንዘቡ እዚሁ ይቀራል። ነገር ግን በየሳምንቱ እንክፈላቸው። ሰሊጡ እስኪሸጥ ጠብቁ ካልናቸው ዱቄት መግዣ አጥተው በሁለተኛው ሳምንት ያቆማሉ፤ ይህን አይቼዋለሁ። ውሃውንም አንርሳ። የናፍጣ በርሜል አጥበን ለሠራተኛ የምንሞላ አለን፤ ክዳኑን ስትከፍቱት ሽታው ያፍናል። እኛ የማንጠጣውን ለሰው ልጅ አናቅርብ።

የደለሎው አባል፦ ሒሳቡስ? ለአጨዳ የምንከፍለው በሂላ፣ ማለትም ታጭዶ በተከመረው ነዶ ነው፤ የአንዱ እርሻ ሂላ ከሌላው ይተልቃል። ሠራተኛው ይህን የሚያውቀው አጭዶ ከከመረ በኋላ ነው። ሠራተኛውን የሚያሰማራው ካቦም ከመሐል ይቆርጣል። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ ቢጫ ሲል ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይራገፋል። ያን ጊዜ ዋጋ እየጨመርን አንዳችን የሌላውን ሠራተኛ እንነጥቃለን፤ ያልተከፈለውም ጥሎን ይሄዳል። አንድ ሂላ ስንት ነዶ እንደሆነ በጋራ እንወስን፤ ክፍያውም በሠራተኛው እጅ ይግባ። ይህ ሳይስተካከል ለአካባቢው ቆመናል ብንል ማንም አያምነንም።

ፀሐፊ፦ የትምህርት ቤቱን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አንብቤያችሁ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ክፍሉ ለሚቀጥለው ዓመት ይደር።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ረቂቁ እንዲህ ይጻፍ። ከሐምሌ በፊት እያንዳንዱ እርሻ ከግራር የራቀ፣ ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ያለው መጠለያ ይሥራ። አጎበር በመድኃኒት የተነከረ መሆን አለበት፤ የአሸዋ ዝንብ ትንሽ ስለሆነች ተራውን አጎበር ታልፈዋለች። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሠራተኛ በእርሻው ወጪ ወደ ሆስፒታል እናድርስ፤ የታመመበትም ቀን ይከፈለው። ለውሃ ንጹሕ ሮቶ ይገዛ፣ የናፍጣ በርሜል ይቅር። የሂላው መጠን ጉባኤው ላይ በነዶ ይወሰን። እንጀራውን በዚህ ክረምት በሦስት እርሻ እንሞክረው፤ ክፍያው በየቅዳሜው። መዋጮው በሄክታር 150 ብር ቢሆን ምን ትላላችሁ?

የሽንፋው አባል፦ እስማማለሁ። ከ50 ሄክታር በታች የሚያርሰው ግማሹን በእንጨትና በጉልበት ያዋጣ፤ ባንድ ጊዜ ማውጣት ይከብደዋል።

ሰብሳቢ፦ ይግባ። የከብቱን መንገድ ግን ቢሮ ተቀምጠን በካርታ አንሠምረውም፤ ከብት የሚያግዱት አባቶች እየመሩን በእግራችን እንሂድበት። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ኮኪት መውጫ ላይ እንገናኝ። እትዬ፣ እርስዎ የሮቶውን ዋጋ ጠይቀው ይዘው ይምጡ።