ሐዋሳ ለፈጠራ ትርኢት የልጄን ዕቃ ይዤ ልግባ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ሚኒያፖሊስ
ሰላም ወገኖች። ክረምት ላይ ልጆቼን ይዤ ሐዋሳ እናቴ ጋ ልገባ ነው። ወንድሜ ልጆች በእጃቸው እየሠሩ የሚያሳዩበት የፈጠራና የእጅ ሥራ ትርኢት አለ፣ አብረን እንሄዳለን ብሎኛል። የ11 ዓመቷ ልጄ በካርቶንና በትንሽ ዲናሞ ክሬን ሠርታለች፤ እሱንና ድሮኗን ካልወሰድኩ ብላ ይዛኛለች። ወንድሜ ደግሞ ለልጁ ላፕቶፕ አምጪ አለኝ። ጉምሩክ ይይዝብኝ ይሆን? አማርኛዋስ ስብርብር ያለ ነው፤ ከልጆቹ ጋር ትግባባ ይሆን?

ጋሼ ከዳላስ
እህቴ፣ ድሮኑን ቤት ተዪው። ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዛል። ክሬኑ ችግር የለውም፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ካለ ግን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፣ አቅሙ ከ100 ዋት አወር (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) የማይበልጠው በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው። ከራስሽ ሌላ የምትይዢው ላፕቶፕ ሊቀረጥ ይችላል፣ ደረሰኙን ያዢ። ልጆቹ የውጭ ፓስፖርት ከያዙ በአዋጅ 270/1994 የመጣውን ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) አውጪላቸው። ከቪዛ ወረፋ ትገላገያለሽ።

የታቦር ልጅ
ሐዋሳ ስትሉ ሆዴ ባባ። ታቦር ተራራ ሥር የሽቦ መኪና እንሠራ ነበር። የለስላሳ ቆርኪ በድንጋይ ጠፍጥፈን፣ መሐሉን በምስማር በስተን ጎማ እናደርገዋለን፤ መሪው እስከ ደረት የሚደርስ ረጅም ሽቦ ነው። ጎማው ሲጣመም ፍጥነቱ ይጠፋና እንደገና ቁጭ ብለን እንጠፈጥፋለን። ልጅሽ ይህን ከአጎቷ ልጅ ጋር ትሥራው። ቀርቀሃ የሚሠራም ካለ አሳያት፤ የሲዳማ ሰው ሙሉ ቤት በቀርቀሃ ይጎነጉናል። ሲመሽ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል አሳ አብያቸው።

ነርሷ፣ ቶሮንቶ
እኔ የምለው ስለ ላፕቶፑ ነው። ዕቃ ከመሸከም ለወንድምሽ ብር ላኪለት፣ እዚያው ይግዛ።

የታቦር ልጅ
ብሩ ለቤት ኪራይ ይውላል፣ ልጁ ባዶ እጁን ይቀራል። እኔ ሦስት ዓመት ለእህቴ ልጅ ትምህርት ላክሁ፤ አንድ መጽሐፍ አልተገዛበትም።

ነርሷ፣ ቶሮንቶ
ኪራይ የከፈለ እኮ ልጁንም አስጠልሏል! እዚህ ሆነን እያንዳንዷን ብር መቆጣጠር ቤተሰብን ማስቀየም ነው።

የሁለት ልጆች እናት
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ድሮኑ ቀረ። የቋንቋውን ነገር ግን የነገረኝ የለም፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

ጋሼ ከዳላስ
ነርሷ ልክ ናት። ሆኖም ላኪው ማወቅ መብቱ ነው፤ በባንክ ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ ክፈሉ።

የታቦር ልጅ
ጋሼ፣ ወንድሙን ያላመነ ሰው ምኑን ላከ?