ሶሌታ ጣሪያ ላይ አትክልት ብንተክል ቤቱ ይቀዘቅዛል?

ሂሩት (ስታዲየም አካባቢ)፦ ሰላም ቤተሰብ። የምንኖረው መጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ሶሌታ (የኮንክሪት ንጣፍ) ነው፣ ምንም አልለበሰም። መጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ምድጃ ይሆናል፤ ማታ እንኳ ሶሌታውን ከውስጥ ስነካው ይሞቃል። አከራያችን «ደስ ያለሽን ትከይ» ብለውኛል። አፈር አልብሰን ጎመንና ሰላጣ ብንዘራስ? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።

ማስረሻ (ሲቪል መሐንዲስ)፦ ሂሩትዬ፣ አፈሩን ከማስጫንሽ በፊት ቆይ። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ዝናብ ሲጠጣ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ ይመዝናል። ብዙ ጣሪያ ለዚህ ተብሎ አልተሠራም። አከራይሽ ፈቅደዋል፣ ሶሌታው ግን ፈቃድ አይሰማም። መሐንዲስ ሳያየው ሙሉውን አታልብሱት። ዕቃ ላይ ከተከላችሁ ግንብና ቢም (ሶሌታውን የሚሸከመው አግዳሚ) ያለበትን ተከትላችሁ ደርድሩ፣ መሃሉን ልቀቁት። ስንጥቅ ካለም አስቀድሞ ይደፈን።

የጓሮ ልጅ፦ ልክ ነው። እኔ ፒያሳ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ፣ ታቹን በስቼ ነው የምተክለው። አፈር፣ ኮምፖስትና ደቀቅ ያለ ቀይ አሽ እቀላቅላለሁ፤ ቀይ አሽ ክብደቱን ይቀንስልሻል። ጀሪካኑን ብሎኬት ላይ አስቀምጪው፣ ሥሩ ውሃ እንዳይቋጥር። የውሃ መውረጃውን ደግሞ ከሰኔ በፊት አጽጂ፣ ቅጠል ከደፈነው ሐምሌ ላይ ጉድ ነው። ጎመንና ቆስጣ ይሆንልሻል። ሰላጣ ፀሐይ ሲበዛበት ቶሎ ያብብና ይመራል። የሥጋ መጥበሻና ጦስኝ ግን ፀሐይ አይበግራቸውም።

ሰናይት፦ ውሃውስ? እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው።

የጓሮ ልጅ፦ አትክልት ያጠብሽበትን አትድፊ። ላዩን በደረቅ ሣር ሸፍኚው፣ እርጥበቱ ይቆያል። ቀትር ላይ ግን አታጠጪ።

አቤል፦ እኔ ትንሽ ልቃወም። ተክል የሚያቀዘቅዘው በጥላውና ውሃ በማትነን ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ከ0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ይወስዳል፣ ቀላል አይደለም። ግን ጥቂት ጀሪካን የሚያበርደው ከሥሩ ያለውን ቦታ ብቻ ነው። ከተማ እንዲቀዘቅዝ ብዙ ጣሪያ ተክል መልበስ አለበት። የካናዳዋ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ትልልቅ አዳዲስ ሕንጻዎች ላይ የጣሪያ ተክልን ግዴታ ያደረገችው ለዚህም ጭምር ነው። ለአንቺ ቤት ርካሹ መላ ባዶውን ሶሌታ ኖራ መቀባት ነው፤ ነጭ ቀለም ፀሐይን ይመልሳል። ከመኝታ ቤቱ በላይ ደግሞ ሽቦ ወጥረሽ የፓሽን ፍሩት ሐረግ አሳድጊበት።

ሂሩት፦ ተባረኩ። ኖራውን ዝናብ አያጥበውም?

አቤል፦ ያጥበዋል። ክረምት ሲወጣ በየዓመቱ ትደግሚዋለሽ። ስትቀቢ ዓይንሽን ሸፍኚ፣ ጓንትም አድርጊ፤ ኖራ ያቃጥላል።