641 የ4,294,967,297 አካፋይ መሆኑ በእጅ ስሌት እንዴት ሊደረስበት ቻለ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። 32 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንደምር 4,294,967,297 እናገኛለን። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ በዚሁ መንገድ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶችን በማባዛት የሚገኙት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው ቁጥር የሌላቸው) መሆናቸውን አይቶ፣ ይህኛውም ብቸኛ ነው ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1732 ግን ሊዮናርድ ኦይለር 641 ያለ ቀሪ እንደሚያካፍለው አሳየ። ማካፈሉን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቼ ድርሻው 6,700,417 መሆኑን ለተማሪዎቼ ካሳየሁ በኋላ፣ አንዲት ተማሪ «ታዲያ 641ን መሞከር እንዳለበት በምን አወቀ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከ641 በፊት 115 ብቸኛ ቁጥሮች ስላሉ ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ እኔም አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም።

መልስ፦
መምህር፣ ተማሪዎ የነገሩን ቁልፍ ነው የጠየቀችው። ቁጥሩን የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር፣ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። አካፋዩን «ሀ» እንበለው። የ32 ሁለቶች ብዜት ለ«ሀ» ሲካፈል ቀሪው ከ«ሀ» በ1 ያነሰ ነው፤ ይህም -1 እንደማለት ስለሆነ፣ የ64 ሁለቶች ብዜት ቀሪው 1 ይሆናል፤ ከ64 ባነሱ ሁለቶች ደግሞ ቀሪው 1 ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል፣ ፌርማ ራሱ በደረሰበት ሕግ መሠረት «ሀ» ሲቀነስ 1 ያህል ሁለቶች ቢባዙ ቀሪው 1 ነው። ስለዚህ 64 «ሀ ሲቀነስ 1»ን ያለ ቀሪ ያካፍላል ማለት ነው። ይህን የሚያሟሉት ብቸኛ ቁጥሮች በቅደም ተከተል 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። 193 ሲሞከር 109 ይተርፋል። 257 ደግሞ መሞከርም አያስፈልገውም፤ ከቁጥራችን ላይ 2 ብንቀንስ የሚቀረው የ3፣ የ5፣ የ17፣ የ257 እና የ65,537 ብዜት ስለሆነ፣ አምስቱም ቀሪያቸው 2 ነው (ይህ ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው የቁጥሩ ጠባይ ነው)። እንግዲህ 641 በአራተኛው ሙከራ ይገኛል። ኦይለር በ1732 ጽሑፉ፣ አካፋዩ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል ለሚለው ሕግ ማረጋገጫ አላቀረበም፤ ያቀረበው ቆይቶ ነው።

ሌላ መልስ፦
ረጅሙን ማካፈል ሳይሠሩ ለተማሪዎች ማሳየትም ይቻላል። 641 ማለት 5 ጊዜ 128 ሲደመር 1 ነው፤ እንዲሁም 625 ሲደመር 16 ነው። ከመጀመሪያው አጻጻፍ፣ የ5 እና የሰባት ሁለቶች ብዜት ለ641 ሲካፈል ቀሪው -1 መሆኑን እናያለን። ይህንን በራሱ አራት ጊዜ ስናባዛ፣ የ625 እና የ28 ሁለቶች ብዜት ቀሪው 1 ይሆናል። ከሁለተኛው አጻጻፍ ደግሞ በ625 ፋንታ -16 መተካት እንችላለን፤ 16 አራት ሁለቶች ስለሆነ፣ የ32 ሁለቶች ብዜት ቀሪው -1 ነው። 1 ሲደመርበት ዜሮ ይሆናል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 6,700,417ስ ራሱ ብቸኛ ነው?

መልስ፦
አዎ፣ ማረጋገጡም ከሚገመተው በላይ አጭር ነው። አካፋይ ቢኖረው ኖሮ ከ2,589 የሚያንስ ብቸኛ አካፋይ ይኖረው ነበር። ኤድዋር ሉካስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦይለርን ሕግ አጥብቆ በ64 ፋንታ 128 መጠቀም እንደሚቻል ስላሳየ፣ 257ን ከተውን የሚቀሩት 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። አራቱንም በወረቀት አካፍዬ ቀሪያቸው በቅደም ተከተል 44፣ 120፣ 334 እና 622 ሆኖ አግኝቸዋለሁ።