አደይ አበባን በሚታይና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ማንሳት

ጥያቄ፦ ከደሴ
ጤና ይስጥልኝ። መስከረም ሲጠባ በጦሳ ተራራ ግርጌ የምትፈካውን አደይ አበባ ፎቶ አነሳለሁ። ንቦች እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን እንደሚያዩ ካነበብኩ ወዲህ፣ ያችኑ አበባ በሁለቱም ብርሃን አንስቼ ምስሎቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። የብር ኖት የሚፈተሽበት የአልትራቫዮሌት ባትሪ አለኝ፤ በጨለማ እሱን አብርቼ በተለመደው ካሜራዬ ባነሳ ይበቃኛል?

መልስ፦ ከኮምቦልቻ
አይበቃዎትም፤ በዚህ መንገድ የሚያገኙት ሌላ ምስል ነው። ባትሪው ሲበራ አበባዋ አልትራቫዮሌቱን ውጣ በዓይን የሚታይ ብርሃን ትለቃለች፤ ካሜራዎ የሚቀርጸውም ይህንኑ ፍካት ነው። ውብ ነው፤ ንብ የምታየው ግን ከፀሐይ መጥቶ ከአበባዋ ላይ የሚንጸባረቀውን አልትራቫዮሌት ነው። እሱን ለመቅረጽ ከ400 ናኖሜትር በታች ያለውን ብርሃን፣ ማለትም አልትራቫዮሌትን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር ሌንሱ ላይ መግጠም፣ ብርሃን ከሚቀበለው የካሜራው ክፍል (ከሴንሰሩ) ፊት ያለውን፣ የማይታየውን ብርሃን የሚያግድ መስታወትም በባለሙያ ማስነሳት ያስፈልጋል። ፊልተሩ ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ከቀይ ወዲያ ያለውን ሌላ የማይታይ ብርሃን የሚያሾልክ ከሆነ ምስሉ ትክክል መስሎ ያሳስታል፤ ሲገዙ አስቀድመው ይህን ያጣሩ።

አደይ አበባ የምትመደብበት የቢደንስ ወገን ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። በብዙዎቹ የወገኑ ዝርያዎች የአበባው ቅጠል ለእኛ ከጫፍ እስከ ግርጌ አንድ ዓይነት ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ ጫፉ አልትራቫዮሌትን ያንጸባርቃል፤ ግርጌው ግን በውስጡ ባሉት ፍላቮኖይድ የሚባሉ ውህዶች ምክንያት ይውጠዋል። ስለዚህ በምስሉ ላይ ጥቁር መሐል በብሩህ ቀለበት ተከቦ ይታያል፤ ንቧም ወደ ወለላው የምትመራው በዚህ ነው። የእኛዋን አደይ ምስል ለማየት እጓጓለሁ።

መልስ፦ ከሌላ የደሴ ሰው
ከላይ በተባለው ላይ የምጨምረው አለኝ። አልትራቫዮሌት ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ለዚህ ትመቻለች፤ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ያንሱ። ለዋይት ባላንስ፣ ማለትም የካሜራውን ቀለም በነጭ ነገር ለማስተካከል፣ ነጭ ወረቀት አይጠቀሙ፤ ወረቀቱን የሚያነጣው ኬሚካል አልትራቫዮሌትን ይውጣል። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ የቴፍሎን ጥብጣብ ደራርበው ቢያስቀምጡ ይሻላል። ካሜራውን በትራይፖድ አጽንተው፣ ፊልተር በቀየሩ ቁጥር ፎከሱን እንደገና ያስተካክሉ። አጋጁ መስታወት ከተነሳ በኋላ የሚታየውን ብርሃን በዚያው ካሜራ ሲያነሱም፣ አልትራቫዮሌትንና ኢንፍራሬድን የሚያግድ ሌላ ፊልተር ሌንሱ ላይ ማድረግ የግድ ነው፤ አለዚያ የአበባዋ ቢጫ ይዛባል።