«ማድሞዜል» የሚባለው ላላገባች ሴት ብቻ ነው?

ጥያቄ፦
ስለ ፈረንሳይ ቴአትር ታሪክ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ጸሐፌ ተውኔቱ ሞልዬር ተዋናይቱን አርማንድ ቤዣርን እ.ኤ.አ. በ1662 አግብቷታል፤ ከዚያ በኋላ ግን «ማድሞዜል ሞልዬር» ትባላለች። የባሏን ስም ይዛ እንዴት ማድሞዜል ትሆናለች? የቃላቱን መነሻ የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ፦
በትክክል ነው ያነበቡት። በዚያ ዘመን ማዳምንና ማድሞዜልን የሚለየው በዋናነት ጋብቻ ሳይሆን ማዕረግ ነበር። ማዳም ለመኳንንት ሚስቶች የሚሰጥ ክብር ሲሆን፣ ከመኳንንት ወገን ያልሆነ ሰው ሚስት ግን፣ ባሏ የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን፣ ማድሞዜል መባሏ የተለመደ ነበር።

«ማዳም» ሲፈታ «ማ» የእኔ፣ «ዳም» እመቤት ነው። ዳም የመጣው ከላቲኑ «ዶሚና» ሲሆን፣ የዚህም ሥር ቤት ማለት የሆነው «ዶሙስ» ነው። ስለዚህ የኛው «እመቤቴ» ቤቱንም «የእኔ» የሚለውንም ስለያዘ ቁልጭ አድርጎ ይተረጉመዋል። ማድሞዜል ደግሞ የዶሚና ማሳነሻ ከሆነው ቃል የወጣ ነውና «ትንሿ እመቤቴ» እንደ ማለት ነው። ለብዙ ሴቶች ሲሆን «ሜዳም» እና «ሜድሞዜል» የሚባለውም «የእኔ» የሚለው ክፍል ወደ ብዙ ቁጥር ስለሚለወጥ ነው።

ሌላ መልስ፦
በቤተ መንግሥቱ ደግሞ ስም ሳይከተለው ብቻውን የሚነገር ማዕረግ ነበር። የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ወንድም ፊሊፕ «ሙሴ» (ለወንድ የሚባለው «ሞንሲዬር») ብቻ፣ ሚስቱም «ማዳም» ብቻ ይባሉ ነበር። የንጉሡ የአጎት ልጅ የሞንፓንሲዬ መስፍኒት (1627–1693) «ታላቋ ማድሞዜል» በሚል ስም ትታወቃለች። አብዮቱ በ1792 ሁሉንም «ዜጋ» በሚለው መጠሪያ ቢተካም፣ አሮጌዎቹ መጠሪያዎች ተመልሰው መጥተዋል።

ሦስተኛ መልስ፦
ዛሬ ያለውን ልጨምር። የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፍራንሷ ፊዮን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ባወጡት ሰርኩላር፣ ማድሞዜል የሚለው ምርጫና «የልጃገረድነት ስም» የሚለው ሐረግ ከመንግሥት ቅጾች እንዲወጡ አዘዋል፤ ቀድሞ የታተሙት ቅጾች ግን እስኪያልቁ ድረስ እንዲሠራባቸው ተፈቅዶ ነበር። የመከራከሪያው ፍሬ ነገር፣ ወንዱ ያገባም ያላገባም ሙሴ ተብሎ ሲያልፍ ሴቲቱ ብቻ የጋብቻዋን ነገር ለምን ትጠየቃለች የሚል ነበር፤ በእኔ እምነት መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። ይሁንና ሰርኩላሩ የሰውን አንደበት አይገዛም። በተለይ በተዋናዮች ዘንድ ማድሞዜል የሙያ ክብር ሆኖ ስለቆየ፣ ዣን ሞሮ አግብታም ቢሆን በዚሁ መጠሪያ መጠራትን ትመርጥ ነበር።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው «ወይዘሪት ሞልዬር» ብዬ የጻፍኩት አንባቢን ያሳስታል ማለት ነው።

መልስ፦
ያሳስታል፤ «ወይዘሮ» ቢሉትም ማዕረጉ ይጠፋል። «ማድሞዜል» ብለው ይተዉትና በግርጌ ማስታወሻ አንድ መስመር ያክሉበት።