ወደ ጨዋማ ውሃ ስንሸጋገር የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጉዳይ፦ የብስ ላይ የሚረባ ሳልሞን

ጥያቄ (ከፊዮርድ ማዶ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኖርዌይ ያለ የሳልሞን ጫጩት ጣቢያ ነው። እስካሁን ዓሣው ጨው አልባ ውሃ ውስጥ 100 ግራም ሲደርስ ወደ ባሕር ይሄድ ነበር። አሁን 500 ግራም እስኪሞላ እዚያው የብስ ላይ እንዲቆይ ተወስኗል፤ ስለዚህ ውሃው ጨዋማ ሊሆን ነው። አብዛኛው ውሃ እየተጣራ ተመልሶ ይዞራል። ከባዮፊልተሮቹ (ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ፕላስቲክ ላይ የሚኖሩባቸው ማጣሪያዎች) ግማሹ ፕላስቲኩ የማይንቀሳቀስበት፣ ግማሹ በአየር የሚገላበጥ ነው። ጨው ሲገባ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ዓሣ ይጨርሳል ይባላል። ከየት ነው የሚመጣው? ከመጀመራችን በፊትስ ምን ይስተካከል? በቀን 100 ኪሎ መኖ ለሚበላ ገንዳ ሶዲየም ባይካርቦኔት (ሶዳ) ስንት እንደሚያስፈልግም ብትነግሩኝ።

መልስ (ዝቃጭ ጠባቂ)

መነሻው ሰልፌት ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 2,700 ሚሊግራም ገደማ ሰልፌት አለው፤ የሐይቅና የወንዝ ውሃ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ኦክስጅን በማይደርስበት ዝቃጭ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሰልፌቱን ወስደው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለቃሉ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ምንም ያላደረጋችሁ ዝቃጭ ጨው በገባ ማግስት ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለውሃ እንስሳት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 2 ማይክሮግራም ነው። ተራ የውሃ መመርመሪያ ኪት ያንን አያይም። በማይክሮግራም የሚለካ ሴንሰር ካላስገባችሁ ዜናውን የምትሰሙት ከዓሣው ነው።

የሚደበቅበትን ቦታ ፈልጉ። መጀመሪያ የማይንቀሳቀሰው ባዮፊልተር ሥር፤ እሱ ቆሻሻ ይይዛል፣ በፕሮግራም ካልታጠበ ሥሩ ይጠቁራል። ቀጥሎ የሳምፑ (የሚዞረው ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ) ማዕዘኖች፣ ውሃ ቀስ ብሎ የሚሄድባቸው ወለል ሥር ያሉ ቧንቧዎች፣ ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ለወራት ተዘግቶ የቆየ ቧንቧና ተጠባባቂው ፓምፕ። እውነተኛው አደጋ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፓምፕ ለጥገና ይቆማል፣ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ከሰዓታት በኋላ ቫልቩ ሲከፈት የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ቆሞ የነበረ መስመር ሲከፈት የመጀመሪያው ውሃ ወደ ፍሳሽ እንጂ ወደ ዓሣ አይሂድ። ይህን በር ላይ ለጥፉት።

ምልክቱ፦ ዓሣው ድንገት መኖ ይተዋል፣ ውሃ መግቢያው አጠገብ ተሰብስቦ አፉን ይከፍታል፣ የኦክስጅን መለኪያው ግን ደህና ያሳያል። ያኔ መኖ አቁሙ፣ አዲስ ውሃ ጨምሩ፣ የተጠረጠረውን ፊልተር ከመስመር አውጡ፣ ዝቃጩን ግን አትንኩ፤ መነቅነቅ ያባብሰዋል። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ሰልፋይዱን ያከሽፋል፣ መጠኑ ግን ቀድሞ በእናንተው ውሃ ተፈትኖ የተጻፈ ይሁን፤ በጭንቅ ሰዓት የሚሰላ ነገር አይደለም።

ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ሶዳ ከፍ ያደርገዋል) ላይ አትቸኩሉ። ፒኤች ሲወርድ መርዛማው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይበዛል፣ ሲወጣ ደግሞ መርዛማው አሞኒያ ይበዛል። አንዱን ለማዳን ሲባል ሶዳ በብዛት መድፋት ሌላውን መጥራት ነው።

ለሰውም ያው ነው። የዝቃጭ ታንክ ውስጥ ጋዝ መለኪያ ሳይያዝ አይገባም። አየሩ ውስጥ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) አካባቢ ሲደርስ አፍንጫ ማሽተት ስለሚያቆም «ሽታው ጠፋ» ማለት «ጋዙ ጠፋ» ማለት አይደለም።

መልስ (ባዮፊልተር)

ስለ ሶዳው። ከ100 ኪሎ መኖ 3 ኪሎ ገደማ የአሞኒያ ናይትሮጅን ይወጣል። ባክቴሪያዎቹ አንድ ግራሙን ወደ ናይትሬት ሲቀይሩ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 7.14 ግራም አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድ እንዳይሆን የሚከላከልበት አቅም) ይበላሉ። ያ 21 ኪሎ ተኩል ግድም ነው፤ ወደ ሶዲየም ባይካርቦኔት ሲለወጥ 36 ኪሎ። ይህ ጣሪያው ነው፤ በአዲሱ ውሃ የሚገባው አልካሊኒቲ ሲቀነስ ያንሳል። በየቀኑ እየለካችሁ ከ70 ሚሊግራም በሊትር በታች አትልቀቁት። አንድ ላይ ሳይሆን በዶዚንግ ፓምፕ ቀኑን ሙሉ ስጡ።

ጨውን በተመለከተ፦ ጨው አልባ ውሃ የለመደ ባዮፊልተር ድንገት ሲጨመርበት ሥራውን ያቆማል፣ አሞኒያና ናይትራይት ይወጣሉ። መኖ ቀንሳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ናይትራይቱ ሲረጋ ብቻ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ። ደግሞስ ለምን እስከ ሙሉ የባሕር ጨው ትሄዳላችሁ? የኖርዌዩ የምርምር ተቋም ኖፊማ ባደረገው ሙከራ በዚህ ዕድሜ ያለ ሳልሞን በሺህ 12 ጨዋማነት ጥሩ ኖሯል። በዚያ ላይ ሰልፌቱም በሲሶ ነው የሚገባው።

በቆሮሶ ልምድ የመጣ ሰው ካላችሁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ እንዳይዘናጋ። ዓሣው 1 ኪሎ ኦክስጅን ሲተነፍስ 1.4 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ንጹህ ኦክስጅን ስለምትነፉ መለኪያው ሁሌ ደስ ይላል፤ ጋዝ ማስወገጃው ግን ካልቻለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ15 ሚሊግራም በሊትር በላይ ይከማቻል፣ ኩላሊት ውስጥ ካልሲየም ይረጋል።

መልስ (ሐሩር)

ከሁለቱ ባልለይም አንድ ልጨምር። የብስ ላይ እርባታ ውስጥ የገቡ ሁሉ የዞረ ውሃን አልመረጡም። ሳልሞን ኢቮሉሽን የተባለው ኩባንያ ኖርዌይ ውስጥ ኢንድረ ሃሮይ ላይ ከውሃው ሲሶ ያህሉን ሁልጊዜ ከባሕር አዲስ ያስገባል፣ የቀረውን ያለ ባዮፊልተር መልሶ ይጠቀማል። አንድፊዮርድ ሳልሞን ደግሞ አንድኦያ ደሴት ላይ ውሃውን ከባሕር አስገብቶ ያሳልፋል። ባዮፊልተር ከሌለ ዝቃጭ የሚከማችበት ቦታም ይቀንሳል። ዋጋው ባሕር ዳር መሆን ግድ መሆኑ ነው፤ ከባሕር የሚገባውም ተሕዋስ ማጣራት ይፈልጋል። አትላንቲክ ሳፋየር በተቃራኒው ፍሎሪዳ ላይ ከከርሰ ምድር ውሃ እየቀዳ በማዞር ነው የሚሠራው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ወደ 500 ቶን የሚጠጋ ዓሣ ሲያልቅበት የጠቆመው ወደ ድራም ፊልተሮቹ (ጠጣር ቆሻሻ የሚያጣሩ ተሽከርካሪ ወንፊቶች) ነበር።

ሌላው፣ «ዘላቂ» የሚባለው ነገር ዝቃጩ የት ይሄዳል በሚለው ይፈተናል። የጨው አልባ ውሃ ዝቃጭ እርሻ ላይ ይበተናል። የጨዋማው ግን አፈር ያበላሻል፤ ማድረቂያና ተረካቢ ሳታዘጋጁ ጨው አታስገቡ።

ጠያቂው (ከፊዮርድ ማዶ)

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ቀረኝ፦ ናይትሬትን በተቻለ መጠን ማውረድ አለብን?

መልስ (ዝቃጭ ጠባቂ)

እስከ ዜሮ አይሆንም። ኦክስጅን ሲያልቅ ባክቴሪያዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ናይትሬት ነው፤ እሱ ሲያልቅ ነው ሰልፌቱን የሚነኩት። የናይትሬት ማስወገጃ ካላችሁ መውጫው ላይ ጥቂት እንዲቀር አድርጋችሁ አስተካክሉት።